ፕሮፖዛሉን ከመጻፋችሁ በፊት በጀቱን ጻፉ

ለማኅበረሰብ ፕሮጀክት ገንዘብ የሚያፈላልጉ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ ከትረካው ይጀምራሉ። የችግሩ መግለጫ፣ ዓላማው፣ የተጠቃሚዎቹ ብዛት በጥንቃቄ ይጻፋል። በጀቱ የሚሞላው የለጋሹ የማመልከቻ ጥሪ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አጋር ተብሎ ስሙ የሚገባው ድርጅትም የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍ የሚለመነው በዚያው ጥድፊያ መሐል ነው። ልምድ ያለው ገምጋሚ ግን ሰነዱን ሲከፍት ቶሎ ብሎ የሚሄደው ወደ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው፤ ገንዘቡ ከተገኘ በኋላም ሥራውን የሚያንቁት እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ በጀት፣ ቀጥሎ ከአጋሮች ጋር የተፈረመ ስምምነት፣ ከዚያ በኋላ ትረካ።

በጀት ቀድሞ ሲሠራ ማንም ሊያመልጠው የማይችል ጥያቄ ያስነሳል። ስንት ሰው? የት? ለስንት ቀን? ማን ይሠራዋል? ማን ይፈርማል? ትረካ ላይ «የማኅበረሰቡን አቅም እንገነባለን» ብሎ ማለፍ ይቻላል። በጀት ላይ አይቻልም።

አንድ መስመር እናንሳ። በረቂቁ ላይ «የውኃ ኮሚቴ አባላት ሥልጠና፣ 6,000 ዶላር» ተብሏል እንበል። ይህ ግምት ነው። ሲዘረዘር 40 ሠልጣኞች በሁለት ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር 3 ቀን፣ በድምሩ 120 የሰው ቀን ይሆናል። ለምሳሌ ያህል ለምግብና ለትራንስፖርት በሰው በቀን 12 ዶላር ቢያዝ 1,440 ነው። አሠልጣኙ በየዙሩ 3 ቀን ያስተምራል፣ 1 ቀን ይዘጋጃል፤ 8 ቀን በ100 ዶላር 800። አዳራሽ 6 ቀን በ50 ዶላር 300። የጽሕፈትና የመማሪያ ቁሳቁስ ለ40 ሰው በ8 ዶላር 320። ከሦስት ወር በኋላ በ4 መንደሮች አንድ አንድ የክትትል ጉብኝት በ60 ዶላር 240። ድምሩ 3,100 ይመጣል። እዚህ ላይ ከቡድኑ አንዱ «የሚያጠቡ እናቶች ሦስት ቀን እንዴት ይቀመጣሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሕፃናቱን የሚጠብቅ ሰው 6 ቀን በ15 ዶላር ሲታከል 3,190 ይሆናል። መጀመሪያ የተጻፈው ግምት ከዚህ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ዝርዝሩን ያላየ ገምጋሚ የበዛውን 2,810 ዶላር ምን ብሎ ሊረዳው ይችላል? የጠረጠረ እንደሆነ ደግሞ ጥርጣሬው በዚያ መስመር ላይ አይቆምም፣ በጀቱን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ሌላም ጥቅም አለው። 40 የሚለው ቁጥር አሁን ቁርጡ ታውቋል። ትረካው ላይ 60፣ የሥራ መርሐ ግብሩ ላይ 45፣ በጀቱ ላይ 40 የሚል ፕሮፖዛል በየጥሪው ይገኛል፤ ሦስት ሰው ሦስት ክፍል ተካፍሎ ሲጽፍ የሚሆነው ይኸው ነው። ቁጥሩ ከበጀቱ ተነሥቶ ወደ ሌላው ክፍል ይገልበጥ እንጂ ከትረካው ወደ በጀቱ አይሂድ።

ለእያንዳንዱ ትልቅ ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ፤ ቀን ያለበት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ የዕቃው ዓይነትና መጠን በዝርዝር የተጻፈበት ይሁን። «ፓምፕ፣ 1» ብቻ የሚል ፕሮፎርማ አይረባም፤ የሚያወጣው የውኃ መጠን በሰዓት፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንደሚስብ፣ ማጓጓዣና ተከላ መካተቱ መጻፍ አለበት። ሦስቱ ፕሮፎርማዎች የተለያየ ዕቃ ከገለጹ ዋጋቸው ሊነጻጸር አይችልም፤ ኦዲተር የሚይዘው ይህን ነው።

የሚረሱ ወጪዎች ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። የባንክ ማስተላለፊያ ክፍያ፣ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ፣ የበጎ ፈቃደኞች የአደጋ መድን፣ የዕቃ ማከማቻ፣ የሪፖርት ትርጉም፣ ኦዲት። ስለ ኦዲቱ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ኦዲት የሚሠራው ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ብዙ ለጋሾች ደግሞ ከማብቂያው ቀን በኋላ የወጣ ወጪን አይቀበሉም። የመጨረሻው ኦዲት ወጪ እንዴት እንደሚያዝ ከለጋሹ ጋር በጽሑፍ ካልተነጋገራችሁ ክፍያው ከራሳችሁ ኪስ ይወጣል። ተጨማሪ እሴት ታክስም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ለጋሽ ጨርሶ አይከፍልም፣ አንዳንዱ ማስመለስ እንደማትችሉ ማስረጃ ካቀረባችሁ ብቻ ይከፍላል።

የቢሮ ኪራይ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ መብራትና ኢንተርኔት ለመሸፈን የሚያዘው ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ የራሱ ሕግ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ለውጭ ትብብር በሚሰጣቸው ድጋፎች ጣሪያው በተለምዶ ተቀባይነት ካላቸው ቀጥተኛ ወጪዎች 7 በመቶ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ፌዴራል ገንዘብ ላይ የተደራደሩበት የራሳቸው ምጣኔ የሌላቸው ድርጅቶች መጠየቅ የሚችሉት 10 በመቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስህተት 15 በመቶውን በጠቅላላው በጀት ማባዛት ነው። ስሌቱ እንደ ውድ የሥራ መሣሪያ ያሉ ወጪዎችንና ለንዑስ ተቀባይ፣ ማለትም ከእናንተ ድርሻ ወስዶ ለሚሠራ ድርጅት፣ ከሚተላለፈው ገንዘብ ከ50,000 ዶላር በላይ ያለውን ይቀንሳል። ቀጥተኛ ወጪው 60,000 ሆኖ ከዚያ ውስጥ 15,000ው የአንድ መሣሪያ ዋጋ ቢሆን ምጣኔው የሚሰላው በ45,000 ላይ ነው፤ 6,750 እንጂ 9,000 አይሆንም።

ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች ይህን ወጪ «ለጋሹ እንዳይከፋው» ብለው ዜሮ ያደርጉታል። አታድርጉት። የሒሳብ ሠራተኛውን ደመወዝ ማንም ካልከፈለው ሪፖርቱ ይዘገያል፤ ሪፖርቱ ሲዘገይ ቀጣዩ ክፍያ ይቆማል።

የምንዛሪው ጉዳይም አለ። ድጋፉ በዶላር ወይም በዩሮ ሆኖ ወጪው በሌላ ገንዘብ ከሆነ፣ በጀቱ የተሠራበት ምንዛሪና ቀኑ በበጀት ማብራሪያው ላይ ይጻፍ። የአውሮፓ ኅብረት ኢንፎርዩሮ የሚባል ወርኃዊ ይፋ ምንዛሪ አለው፤ ውላችሁ የትኛውን እንደሚጠቀም አስቀድማችሁ እወቁ። የኪሳራ ማካካሻ መስመር የሚፈቀድ ከሆነ አስገቡ፤ የማይፈቀድ ከሆነ ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ በመጀመሪያው ክፍያ መግዛት የተሻለ ነው።

የራሳችሁ ድርሻ

«ተዛማጅ መዋጮ»፣ ማለትም አመልካቹ ከራሱ የሚያዋጣው ድርሻ፣ የሚል ቃል በጥሪው ላይ ስታዩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በዓይነት (በጉልበት፣ በዕቃ) የሚለው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ጥሪዎች መመሪያው ለይቶ ካልፈቀደ በቀር በዓይነት የሚደረግ መዋጮ እንደ ድርሻ አይቆጠርም። የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ (GEF) አነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ግን ሁለቱንም ይቀበላል፤ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብም በማስረጃ የተደገፈ የበጎ ፈቃድ ሥራን ይቆጥራል፣ ዋጋው ለተመሳሳይ ሥራ ከሚከፈለው ጋር እስከተመጣጠነ ድረስ።

ማስረጃ ማለት ሥራው በተሠራበት ዕለት የተሞላ ቅጽ ነው። ቀን፣ ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ድምር ሰዓት፣ ፊርማ፤ ከታች የተቆጣጣሪው ስምና ፊርማ። ከስድስት ወር በኋላ ተሰብስቦ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ቅጽ ከሩቅ ያስታውቃል። ጉድጓድ የቆፈረውና ኮምፒውተር ያስተማረው ሰው የሰዓት ዋጋም አንድ መሆን የለበትም፤ እያንዳንዱ ለዚያ ሥራ በአካባቢው በሚከፈለው ይሰላ። የመሬት ዋጋን እንደ መዋጮ ማስገባት የሚያጓጓ ቢሆንም አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ወዲያው የባለቤትነት ጥያቄ ያስከትላል።

ለጋሹን መምረጥ

ከለጋሽ ድረ ገጽ ላይ የሚነበበው ምኞቱ ነው፤ ልማዱን የሚያሳየው ግን ቀድሞ የሰጠው ገንዘብ ዝርዝር ነው። የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ 990-ፒኤፍ የሚባል ቅጽ ለግብር መሥሪያ ቤታቸው ያስገባሉ፤ ቅጹም ለሕዝብ ክፍት ነው። በውስጡ ለማን፣ ስንት፣ ለምን ዓላማ እንደሰጡ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። የሦስት ዓመቱን አውርዱና ይህን እዩ፦ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መጠን ስንት ነው? ከአገራቸው ውጭ ሰጥተው ያውቃሉ? በየዓመቱ እነዚያው ስሞች ናቸው የሚመላለሱት ወይስ አዲስ ስም ይገባል? በቅጹ ላይ አስቀድሞ ለተመረጡ ድርጅቶች ብቻ እንደሚሰጡና ያልተጠየቀ ማመልከቻ እንደማይቀበሉ የሚገልጽ ሳጥንም አለ። ያ ሳጥን ምልክት ከተደረገበት ፕሮፖዛል ልኮ መጠበቅ ድካም ብቻ ነው፤ በሚያውቃቸው ሰው በኩል መተዋወቅ ነው ያለው መንገድ። በብሪታንያ ደግሞ 360ጊቪንግ የተባለ ድርጅት ብዙ ለጋሾች የሰጡትን ድጋፍ መረጃ በአንድ ዓይነት ቅርጽ አሰባስቦ ያወጣል።

ትናንሽ ማኅበራት ከትልልቆቹ ጥሪዎች በፊት ሊያዩአቸው የሚገቡ በሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረውና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚተገበረው ከላይ ያነሣሁት የአካባቢ አነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ለማኅበረሰብ ድርጅቶች በቀጥታ ይሰጣል፤ ለረጅም ዘመን ጣሪያው 50,000 ዶላር ነበር። ውሳኔውን የሚሰጠው በየአገሩ ያለ ኮሚቴ ሲሆን አብላጫው አባል ከመንግሥት ውጭ ነው። የጃፓን ኤምባሲዎች ለመሠረታዊ ማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጡት ድጋፍ በግንባታና በመሣሪያ ላይ ያተኩራል፤ ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ እንዲከፍል አትጠብቁ። ይህ ማለት ሕንፃው ሲያልቅ ማን ያስተዳድረዋል ለሚለው መልሱን ከሌላ ምንጭ ይዛችሁ መቅረብ አለባችሁ ማለት ነው።

የበጎ አገልግሎት ክለቦች ስብስብ የሆነው ሮታሪ ለየት ያለ ነው። ግሎባል ግራንት የሚባለው ድጋፍ ዝቅተኛ በጀቱ 30,000 ዶላር ነው። አመልካቾቹ የሮታሪ ክለቦች ናቸው፤ አንዱ ፕሮጀክቱ ካለበት አገር፣ ሌላው ከውጭ። ማኅበራችሁ ሊገባ የሚችለው ተባባሪ ድርጅት ሆኖ በመግባቢያ ሰነድ ነው። ከማመልከቻው በፊት የማኅበረሰብ ፍላጎት ጥናት ግድ ነው፤ ለጥናቱ ግን ከግራንቱ ገንዘብ መጠቀም አይቻልም። ስለዚህ ሮታሪን የምታናግሩት ጥናቱን ሠርታችሁ ነው፣ መጀመሪያም የምታናግሩት ቅርባችሁ ያለውን ክለብ ነው።

የአሜሪካ ፋውንዴሽኖች በውጭ አገር ለሚገኝ ድርጅት ሲሰጡ የመተዳደሪያ ደንባችሁን፣ የገቢ ምንጫችሁን፣ የቦርድ አባላችሁን ዝርዝር ይጠይቃሉ። ይህን እንደ አለመተማመን አትዩት። ሕጉ ከሁለት አንዱን ያስገድዳቸዋል፤ ድርጅታችሁ ከአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር አቻ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ወይም የገንዘቡን አጠቃቀም ራሳቸው በቅርብ የመከታተል ኃላፊነት መውሰድ። በሁለተኛው መንገድ ከሄዱ ቅድመ ማጣራት ያደርጋሉ፣ ገንዘቡ ለብቻው በሚታወቅ ሒሳብ እንዲያዝ ይፈልጋሉ፣ በየጊዜው ሪፖርት ይጠይቃሉ። የተለየ የባንክ ሒሳብ በጥምር ፊርማ አስቀድሞ መክፈት ብዙ ደብዳቤ መመላለስን ያስቀራል።

አንድ ለጋሽ ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ በ2025 እ.ኤ.አ. በግልጽ ታይቷል። በጥር ወር የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ታዘዘ፤ የአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲም ከሐምሌ 1 ጀምሮ የእርዳታ ፕሮግራሞችን ማስፈጸም አቆመ። ሥራቸውን አሳምረው ይሠሩ የነበሩ ድርጅቶች በቀናት ውስጥ ሠራተኛ በትነዋል። ዕቅድ ስታወጡ ከአንድ ምንጭ የሚመጣው ከዓመታዊ ገቢያችሁ ሲሶ እንዳያልፍ ብትጥሩ መልካም ነው፤ ይህ የእኔ ሚዛን ነው፣ ለትንሽ ማኅበር በአንድ ዓመት የሚደረስበት አይደለም። እስከዚያው ግን በውሉ ውስጥ ያለውን የማቋረጫ አንቀጽ አንብቡ፤ ለጋሹ ሲያቋርጥ አስቀድሞ የተገባን ግዴታ፣ ለምሳሌ የኪራይና የሥራ ውል ማስጠንቀቂያ ጊዜን፣ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም የሚለው እዚያ ነው ያለው።

ጥሪው ጥያቄ መጠየቅ የሚፈቅድ ከሆነ ጠይቁ፤ ግን አጭርና መልሱ አዎ ወይም አይደለም የሆነ ጥያቄ ይሁን። እንዲህ ያለ፦

«ማኅበራችን በ4 መንደሮች የተበላሹ የውኃ ነጥቦችን ጠግኖ ለጥገና ኮሚቴዎች የሚያስረክብ የ14 ወር ፕሮጀክት አዘጋጅቷል። ጠቅላላ ወጪው 45,000 ዶላር ሲሆን 9,000ው በማኅበረሰቡና በአጋራችን ተሸፍኗል። የመመሪያችሁ ገጽ 6 አዲስ ግንባታን ይከለክላል፤ ነባር የውኃ ነጥብ መጠገን በዚህ ክልከላ ውስጥ ይገባል?»

ይህን ያነበበ የፕሮግራም ኃላፊ መመሪያውን ማንበባችሁን፣ መጠኑን፣ የራሳችሁን ድርሻና የሥራውን ዓይነት በአንድ ትንፋሽ ያውቃል። «የምትተባበሩን ከሆነ ስለ ድርጅታችን ልናስረዳችሁ እንፈልጋለን» የሚለው ደብዳቤ ግን ምን ብሎ መመለስ እንዳለበት እንኳ አያስታውቅም።

አጋርነት

በመጀመሪያ አጋርና አቅራቢ ይለዩ። ጉድጓድ ቆፍሮ ክፍያውን ተቀብሎ የሚሄድ ድርጅት አቅራቢ ነው፤ በጨረታ ወይም በፕሮፎርማ ይመረጣል። አጋር ውጤቱን የሚጋራ፣ ወጪውን በደረሰኝ የሚያወራርድ፣ ትርፍ የማያተርፍ ነው። አቅራቢን አጋር ብሎ ማስገባት የግዢ ሕጉን ለመሸሽ የተደረገ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ወጪውም ሙሉ በሙሉ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

በጋራ ማመልከቻ ላይ መሪ አመልካች የሚሆነው በለጋሹ ፊት ተጠያቂ ነው። አጋሩ ያለ ደረሰኝ ያወጣውን 4,000 ዶላር መላሹ መሪው ነው። ስለዚህ መሪ ከመሆናችሁ በፊት የአጋራችሁን የሁለት ዓመት የኦዲት ሪፖርት ጠይቁ፤ ስታነቡም ድምሩን ብቻ ሳይሆን የኦዲተሩን አስተያየት ደብዳቤ አንብቡ። የምዝገባ ፈቃዱ መቼ ያበቃል? ቼክ ላይ የሚፈርሙት እነማን ናቸው? ከእናንተ ጋር የሚነጋገረው ሰው የመወሰን ሥልጣን አለው ወይስ ነገሩ ሁሉ ሌላ ቦታ ደርሶ ነው የሚመለሰው? እናንተም እንዲሁ ስትጠየቁ አትከፉ፤ ሰነዱን ሳይጠየቅ ቀድሞ የሚያቀርብ ድርጅት ያኔውኑ አመኔታ ያገኛል።

ከዚህ በፊት አብራችሁ ካልሠራችሁ በትንሽ ሥራ ጀምሩ። የአንድ ቀን ሥልጠና፣ የጋራ ዳሰሳ ጥናት፣ ሁለታችሁም ከኪሳችሁ የምታወጡበት ነገር። በዚያ ሥራ ሪፖርቱን በቀጠሮው ያላመጣ ድርጅት በ100,000 ዶላር ሥራ ላይ የተለየ ጠባይ አያመጣም።

ስምምነቱ ከፕሮፖዛሉ በፊት ይፈረም፤ «ገንዘቡ ሲገኝ እንነጋገራለን» የሚባለው ነገር ገንዘቡ ሲገኝ ጠብ ይሆናል። ሰነዱ ረጅም መሆን አያስፈልገውም፣ ሦስትና አራት ገጽ ይበቃል። ዋናው ነገር በጀቱ በየአጋሩና በየተግባሩ ተከፍሎ አባሪ መሆኑ ነው። ገንዘቡ በስንት ዙር ይተላለፋል፣ ሁለተኛው ዙር የሚለቀቀው የመጀመሪያው ስንት በመቶ ሲወራረድ ነው? ዋናው ደረሰኝ ማን ዘንድ ይቀመጣል? የአጋሩ ሪፖርት ለመሪው የሚደርሰው ለለጋሹ ከሚላክበት ቀን ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ይሁን፤ ማስተካከያ ሁልጊዜ አለ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሞተር ሳይክሉና ኮምፒውተሩ ለማን ይቀራል የሚለው ተራ ይመስላል፤ በመጨረሻው ወር ግን ግንኙነቱን የሚያበላሸው እሱ ነው። የተጠቃሚዎችን ፎቶና የግል መረጃ ማን፣ የት ሊጠቀምበት እንደሚችል፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚያሳውቅ፣ አለመግባባት ሲነሣ ማን እንደሚዳኝም ይጻፍ።

ከአጋሮች የሚመጡ ደብዳቤዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። «ፕሮጀክቱን እንደግፋለን፣ መልካም ዕድል» የሚለው ብዙም ነጥብ አያስገኝም። «ለ14 ወር አንድ ቴክኒሻን በሳምንት 2 ቀን እንመድባለን፣ ከርክክብ በኋላም የመለዋወጫ ዕቃ ወጪ በዓመታዊ በጀታችን እንይዛለን» የሚለው ግን የፕሮጀክቱን ዘላቂነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳል። ከአካባቢው አስተዳደር የምትፈልጉት ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ለማግኘትም ረቂቁን ራሳችሁ ጽፋችሁ፣ የቀጣዩ ዓመት በጀታቸው ከመጽደቁ በፊት ብትወስዱላቸው ይሻላል። በጀታቸው ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ መልካም ፈቃድ ቢኖራቸው እንኳ የሚያስገቡበት መስመር አይኖረውም።

ማኅበረሰቡ ራሱም አጋር ነው፤ እንደ አጋርም ፊርማው ያስፈልጋል። ስብሰባው ተደርጎ ቃለ ጉባኤ ሲያዝ የተገኙት ሴቶችና ወንዶች ብዛት ለየብቻ ይመዝገብ፤ የተቃወመ ሰው ካለ ተቃውሞውም ይጻፍ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማሙ ከሚለው ይልቅ «ቦታው ለአረጋውያን ይርቃል ተብሎ ስለተነሣ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ተዛውሯል» የሚለው ውይይት መደረጉን ያሳያል። ግንባታ ካለ ደግሞ የቦታው ሰነድ ከሁሉ ይቅደም። በቃል የተሰጠ መሬት ላይ የተሠራ ክፍል ሰጪው ሲሞት ወይም መንገድ ወጥቶ የመሬቱ ዋጋ ሲጨምር ወራሽ ይመጣበታል፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ ሲሚንቶ ሆኗል።

ትረካውና የማስገቢያው ቀን

በጀቱና ስምምነቱ ካለቁ ትረካው ቀላል ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሁለት ደረጃ በሚያወጣቸው ጥሪዎች መጀመሪያ የሚታየው ኮንሰፕት ኖቱ፣ ማለትም የፕሮጀክቱ አጭር ማጠቃለያ፣ ብቻ ነው፤ ከ50 ነጥብ ቢያንስ 30 ያላገኘ አያልፍም። ያ ጽሑፍ ጥሪው ያስቀመጣቸውን ቅድሚያዎች በስማቸው ጠርቶ መመለስ አለበት። ሎግፍሬም የሚባለው፣ የፕሮጀክቱን ዓላማ፣ አመላካቾችና ታሳቢዎች ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1969 ለዩኤስኤአይዲ ተብሎ የተዘጋጀ ሲሆን እስካሁን በብዙ ለጋሾች ዘንድ ይሠራበታል። ከዓምዶቹ ሁሉ ችላ የሚባለው የመጨረሻው፣ የታሳቢዎቹ ዓምድ ነው። «የመለዋወጫ ዕቃ በገበያ ይገኛል» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ባይገኝስ ምን ታደርጋላችሁ የሚለውን በስጋት ክፍሉ መልሱ። አመላካቹም «የተጠገኑ የውኃ ነጥቦች ብዛት» ከሚሆን «ከርክክብ 6 ወር በኋላ ውኃ የሚሰጡ ነጥቦች ብዛት» ይሁን። የመነሻ መረጃ ሳይሰበሰብ የተጻፈ «40 በመቶ ይጨምራል» ከምን ተነሥቶ እንደሚጨምር አይታወቅም።

ምዝገባ ጊዜ ይበላል። ለአሜሪካ ፌዴራል ገንዘብ ሳም (SAM.gov) በሚባለው የኦንላይን ሥርዓት መመዝገብና መለያ ቁጥር ማግኘት ያስፈልጋል፤ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ድርጅት ከዚያ በፊት ኤንኬጅ (NCAGE) የሚባል የድርጅት መለያ ኮድ ማውጣት አለበት። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ብዙውን ጊዜ የሚያደናቅፈው የድርጅቱ ስም በላቲን ፊደል በምዝገባ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በባንክ ሒሳቡ ላይ ሌላ ዓይነት መጻፉ ነው። አንድ ፊደል እንኳ ሲለያይ ማረጋገጫው ይመለሳል፤ ገንዘብ ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ ባንኩ ዝውውሩን ሊመልሰው ይችላል። ጥሪ ሳይኖር፣ ዛሬ አስተካክሉት።

ውሉ ሲመጣ ከመፈረማችሁ በፊት የክፍያውን መርሐ ግብር ከሥራ መርሐ ግብራችሁ አጠገብ አስቀምጡና ወር በወር አስተያዩ። በአውሮፓ ኅብረት ውሎች ከቀድሞው ክፍያ 70 በመቶ ካልወጣ ቀጣዩ ቅድመ ክፍያ ይቀንሳል፤ የመጨረሻው ክፍልም የሚለቀቀው የመጨረሻው ሪፖርት ከጸደቀ በኋላ ነው። ያ ገንዘብ እስኪመጣ የመጨረሻዎቹን ወራት ደመወዝ በምን ትከፍላላችሁ? መልስ ከሌለ የሥራውን ሰሌዳ አሁን ቀይሩ፣ ወይም ለጋሹን አሁን አነጋግሩ። ከበጀት መስመር ወደ መስመር ያለ ፈቃድ ማዘዋወር የሚቻለው እስከ ስንት በመቶ እንደሆነም በውሉ ውስጥ ፈልጉና በሒሳብ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ይለጠፍ።

ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ የገምጋሚዎቹን ነጥብና አስተያየት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ብዙ ለጋሾች ሲጠየቁ ይሰጣሉ። አስተያየቱን በሁለት ክፈሉት። «ከቅድሚያችን ጋር አይገጥምም» የሚለው ስለ ለጋሹ ነው፤ ፕሮጀክቱን ሳትነኩ ሌላ በር አንኳኩ። «የአጋሮቹ ሚና ግልጽ አይደለም»፣ «ወጪው አልተብራራም» የሚሉት ግን ስለ ሰነዱ ናቸው፤ ቀጣዩ ጥሪ ከመውጣቱ በፊት ያንኑ ስምምነትና ያንኑ በጀት ይዛችሁ ከአጋሮቻችሁ ጋር እንደገና ተቀመጡ። ፕሮፎርማዎቹም ከስድስት ወር በላይ ካስቆጠሩ አዲስ ይሰብሰብ፤ ዋጋው ተቀይሯል።